ከሐይቁ ማዶ የቆመችው ነጥብ

ታይስቶ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። እሱና ሚስቱ ልጅ የላቸውም፤ ትርፍ ጊዜውን ሁሉ የሚበላው የአማተር ሬዲዮ ነበር። ሚስቱ ኢርሜሊ አዲስ ሻርፕ ገዝታ ወጥ ቤት ውስጥ ማንጎራጎር ስትጀምር ጥርጣሬ ገባው።

የክብሪት ቀፎ የምታህል ማሰራጫ ሠርቶ ከመኪናዋ መለዋወጫ ጎማ ሥር ደበቀ። ማሰራጫዋ መኪናው ያለበትን ቦታ በየጊዜው በአየር ላይ ትልካለች፤ ቦታውም ማንኛውም የሬዲዮ አማተር ኮምፒውተር ላይ ሊከፍተው በሚችል ካርታ እንደ ቀይ ነጥብ ይታያል። መጠሪያ ሳያስገቡ መላክ ክልክል ስለሆነ ከነጥቧ ጎን የሚነበበውን የራሱን የሬዲዮ መጠሪያ አስገባባት።

ሐሙስ ሲደርስ ኢርሜሊ ለመዘምራን ልምምድ ወጣች። ነጥቧ ቀጥ ብላ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ቆመች፤ ልምምዱ እስኪያልቅም ንቅንቅ አላለችም። ታይስቶ አፈረ። ማሰራጫዋን ሊያወጣት አሰበና አንድ ሳምንት ልያት ብሎ ተዋት።

በሚቀጥለው ሐሙስ ነጥቧ ቤተ ክርስቲያኑን አልፋ ሐይቁን ዞረች። ኬይዮ ቤት ስትደርስ ቆመች።

ኬይዮ የድሮ ጓደኛው ነው። ኮረብታው ላይ ያለው የሬዲዮ ክለባቸው አንቴና ሲበላሽ ታይስቶ በአባላቱ ሁሉ ፊት «አንተ ነህ ያበላሸኸው» ብሎት ነበር። ኋላ የመታው መብረቅ መሆኑ ታወቀ። ታይስቶ ግን ይቅርታ ሊጠይቅ ምላሱ አልታዘዝ አለው፤ ኬይዮም ክለቡን ተወ።

«ተበቀለኝ» አለ ለራሱ።

በየሐሙሱ ያው ሆነ። ኢርሜሊ ስትመለስ ካፖርቷ የኬይዮን ፒፓ ትንባሆ ይሸታል።

«ልምምዱ እንዴት ነበር?»

«ጥሩ ነበር። የአተር ሾርባውን አልነካኸውም እንዴ?»

እሱ ሾርባውን ያማስላል። የገዛ ሚስቱን እንደ ሌባ እየተከታተለ ምን ብሎ ይጠይቃት?

በመጨረሻ ግን አላስቻለውም። ነጥቧ እንደቆመች የራሱን መኪና አስነስቶ ሐይቁን ዞረ። የሚናገረውን መንገዱን ሙሉ ሲያጠናው ነበር። በሩ ሲከፈት ግን ኬይዮን ሸብቶ፣ ከስቶ፣ ሹራቡ ትከሻው ላይ ተንጠልጥሎ አገኘው፤ ያጠናው ሁሉ ጠፋው።

«ጫማህን አውልቀህ ግባ» አለው ኬይዮ። «ወለሉ አሁን ነው የተወለወለው።»

ታይስቶ በካልሲው ገባ። ኢርሜሊ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጣለች፤ አልደነገጠችም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አላት፤ ዓይኑን ከወለሉ ማንሳት አቅቶት።

«ኬይዮ በመጀመሪያው ሐሙስ መጠሪያህን ካርታው ላይ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ አይቶ ከደወለልኝ ጀምሮ» አለች ኢርሜሊ፣ ሲኒ ወደ እሱ እያስጠጋች፤ «ትመጣለህ ብለን ሁልጊዜም ቡና የምናፈላው ለሦስት ሰው ነው።»