የኋላ ግራ ጎማ

ማክሰኞ ዕለት የመኪናዋ ጎማዎች ቦታ ተቀያየሩ። የኋላዎቹ ወደ ፊት መጡ፤ የፊቶቹ ግራና ቀኝ ተሻግረው ወደ ኋላ ሄዱ። ረቡዕ ጠዋት ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት በራ።

መኪናዋን ቅዳሜ የስድስት ሰዓት መንገድ ይጠብቃት ነበር። የቤቱ ትንሿ ልጅ ሩቅ ከተማ በአስተማሪነት ተመድባ ሰኞ ሥራ ትጀምራለች። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ የወጣው አባቷ፣ ገና ተማሪ ከነበረችበት ጊዜ ጀምሮ «የመጀመሪያ ሥራሽ ቦታ የማደርስሽ እኔ ነኝ» ይላት ነበር። የምደባ ደብዳቤው የመጣ ቀን ጮክ ብላ ሁለቴ እንድታነብለት አደረጋት። ልጆቹ ደስታው ነው ብለው ሳቁበት።

«አባዬ፣ የጎማ መብራት በርቷል» አለ ታላቅ ወንድሟ፣ ረቡዕ ጠዋት ሞተሩን እንዳስነሣ።

«የትኛውን ነው የሚለው?»

«የፊት ቀኝ። ሃያ አራት ይላል።»

ወንድምየው መለኪያውን አምጥቶ የፊት ቀኙን ለካ። ሠላሳ ሦስት። ምንም አልጎደለውም።

«ያ ጎሚስታ አበላሽቶታል» አለ።

«እንግዲያው መልስለት። እኔ ወገቤን ይዞኛል፤ አንተ ንዳት።»

ወንድምየው የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ነው። ሰዓት ረፍዶበት፣ እየተነጫነጨ መኪናዋን ወሰዳት።

ጎሚስታው ቀጭን፣ ረጋ ያለ ሰው ነበር። አልተከራከረም።

«ጥፋቱ የኔ ነው። ጎማውን አዘዋወርኩ፤ ለመኪናዋ ግን አልነገርኳትም። እያንዳንዱ ጎማ ውስጥ ንፋሱን የሚለካ ሴንሰር አለ። እሷ ሁሉም የድሮ ቦታው ላይ ያለ ይመስላታል። የፊት ቀኝ የምትለው አሁን ከኋላ በግራ በኩል ነው ያለው።»

የኋላ ግራውን ለካ። ሃያ አራት።

«ስሞላ አሳንሼው ይሆናል» አለና ሞላው። ከዚያ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ይዞ ከጎማ ጎማ ዞረ፤ አንዱን በጨረሰ ቁጥር መኪናዋ አጭር የጡሩምባ ድምፅ አሰማች። መብራቱ ጠፋ።

ሐሙስ ጠዋት እንደገና በራ። የኋላ ግራ፤ ሃያ አራት።

ጎሚስታው ጎማው ላይ የሳሙና ውኃ አዳረሰ። አንድ አረፋ አልወጣም። የንፋስ መሙያውን ቫልቭ በአዲስ ቀየረ፤ ሞላው፤ መብራቱን አጠፋው። ወንድምየው ሥራ ቦታው ሲደርስ አለቃው በሩ ላይ ቆማ ሰዓቷን አየች።

ማታ እራት ላይ ልጅቷ አባቷን ለመነች።

«ትንሽ ንፋስ ነው እኮ የሚቀንሰው። ሞልተን እንሂድ፤ መንገድ ላይም እንሞላለን።»

«ልጄን ጭኜ፣ ያ መብራት እየበራ ከከተማ አልወጣም» አለ አባት። «ከፈለግሽ በአውቶቡስ ሂጂ። ዛሬ ዛሬ አውቶቡሱ ጥሩ ነው።»

«አንተ ነህ የምታደርሰኝ። ቃል ገብተህልኛል።»

አባት እንጀራውን አጣጠፈ።

ዓርብ ጠዋት ሃያ ሦስት አለ። ወንድምየው ቁርሱን ትቶ ወጣ። ጎሚስታው ጋ ሲደርስ የመኪናዋን በር የዘጋበት ድምፅ ከመንገዱ ማዶ ያሉትን ሁሉ አዞራቸው።

«ሦስት ቀን ሙሉ አመላለስከኝ። አንድ ጎማ መሙላት አቅቶህ ነው ወይስ እንድመላለስልህ ፈልገህ?»

ሁለት ደንበኞች ቆመው ይሰሙ ነበር። ጎሚስታው እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«ወንድሜ፣ ይሄ ጎማ በራሱ አይተነፍስም።»

«ታዲያ ማን አስተነፈሰው? እኔ?»

«እሱን አላውቅም። ጎማው ግን ደኅና ነው።»

«ሥራህን አታውቅም። ለሚያውቅህ ሁሉ እነግራለሁ።»

ከደንበኞቹ አንዱ መኪናውን አስነሥቶ ሄደ። ጎሚስታው ከኋላው አየውና ወደ ክሪኩ ጎንበስ አለ።

ወንድምየው በዚያ ቀን ፈቃድ ጠይቆ ከተማው ጫፍ ያለ ትልቅ ጋራዥ ሄደ። ጎማውን ፈቱት፤ ውኃ ውስጥ ነከሩት፤ ገለበጡት። ቀዳዳ የለም። መልሰው ገጠሙት፣ ሞሉት። ከሰዓት በኋላ ሆነ ብሎ መኪናዋን ሁለት ሰዓት ያህል ነዳት። መብራቱ አልበራም።

ቤት ሲገባ እህቱ ሻንጣዋን በሩ አጠገብ ደርድራ ጨርሳለች።

«በቃ፣ ተሠራ» አለ። «ያንን ሌባ ጎሚስታ ደግሜ አላየውም።»

አባት ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ፊቱን ወደ ድምፁ አዞረ።

«መብራቱ ጠፍቷል?»

«ጠፍቷል።»

«በደንብ አይተኸዋል?»

«ና ራስህ እየው አባዬ፣ ካላመንከኝ።»

«አንተ ካልክ ይበቃኛል።»

ልጅቷ መጥታ አባቷን ከኋላ አቀፈችው። «ነገ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እንወጣለን። እኔ ፊት ነው የምቀመጠው፤ እንቅልፍ እንዳይወስድህ አወራልሃለሁ።» አባት እጇን ይዞ ቆየ፤ ቶሎ አልለቀቃትም።

ጎህ ሲቀድ፣ ልጆቹ ገና ሳይነሡ፣ አባት ግድግዳውን እየዳሰሰ ወደ ግቢው ወጣ፤ መኪናዋን በመዳፉ እየተከተለ ዞረ፤ የኋላ ግራ ጎማው ሥር ተንበረከከና፣ ዓይኑ ማየት ካቆመ ስድስት ወር ስላለፈው ቫልቩን በጣቶቹ ፈልጎ፣ ንፋሱ እስኪወጣ በጥፍሩ ተጫነው።