ፒን አቋሚው

ፀሐዩ አቃቂ በሚገኝ አንድ የቦውሊንግ ቤት ውስጥ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ባለ ጉድጓድ ውስጥ ቁጢጥ ብሎ ኳስ የጣላቸውን ጠርሙስ መሰል እንጨቶች፣ ፒኖቹን፣ በእጁ የሚያቆም ሰው ነበር። ሁልጊዜ ከኋላው ረድፍ ይጀምርና አንድ በአንድ አቁሞ ሲጨርስ ዞር ይላል፤ ከዚያ «ወርውሩ» ለማለት የወለሉን ጣውላ ሁለቴ ያንኳኳል። አንድ ቅዳሜ ገና ሳያንኳኳ የተወረወረ ኳስ ጭንቅላቱን መታው፤ እሑድ ተቀበረ።

ወንድሙ ገብረጻድቅ የቶርኖ ባለሙያ፣ ብረት ቀራጭ ነው። «እዚያ ጉድጓድ ሁለተኛ የሰው ልጅ አይገባም» ብሎ ማለ። ሐዘኑን ሳይጨርስ፣ ጢሙን ሳይላጭ፣ ከአሮጌ የሽመና ማሽን ብረት እየቆረጠና እየበየደ፣ ፒኖቹን በሙሉ ባንዴ አንስቶ የሚያቆም ማሽን ሠራ።

በሙከራው ቀን የቤቱ ባለቤት ጋሽ ሀይረዲን ራሳቸው ወረወሩ። ፒኖቹ እየተጋጩ ወደቁ። ማሽኑ ሊያነሳቸው ሲል መብራት ጠፋ፤ የቀረው ከመስኮቱ የሚገባው የቀን ብርሃን ብቻ ነበር።

«በል እንግዲህ፣ ማሽንህም እንደኛው መብራት ይጠብቃል!» ብለው ሳቁ። «ሰው ይሻላል ገብሬ። ነገ አንድ ጠንካራ ሰው እቀጥራለሁ።»

«በልጆችዎ ይዤዎታለሁ፣ ጋሼ! ሰው አያስገቡ!» አለና እግራቸው ላይ ወደቀ።

ቀና ሲል ጋሽ ሀይረዲን ሳቃቸውን አቁመዋል። ማሽኑ ንቅንቅ አላለም። ከሥሩ ግን ፒኖቹ ከኋላው ረድፍ ጀምረው አንድ በአንድ ይቆማሉ።

«ፀሐዩ፣ ወንድሜ፣ በቃህ፤ ውጣ!» ብሎ ጮኸ ገብረጻድቅ።

የመጨረሻው ፒን ቆመ። ጣውላው ሁለቴ ተንኳኳ።