ሂሻምን መሸኘት

ከዚራ ሰፈር ባለው የጭነት መኪና ድርጅት ሥራ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው ይባላል፤ እሱም እዚያ የለም። ስሙ ሂሻም ነው፤ የሚኖረውም ዱባይ።

ከጅቡቲ ወደብ የሚመጡትን መኪኖች የሚመድበው ፕሮግራም ከዱባይ የተገዛ ነው። የኮምፒውተር ክፍሉን የያዘው ወርሳሜ ስልሳ ሊሞላው ሁለት ዓመት የቀረው፣ ጉልበቱን የሚያመው ዝምተኛ ሰው ነው። ፕሮግራሙ ሲበላሽ ወርሳሜ ምንም ሲነካ አይታይም። «ለሂሻም እጽፋለሁ» ይላል። ሠራተኛው በስድስት ሰዓት ይወጣና ሙቀቱን ሸሽቶ እስከ ዘጠኝ ቤቱ ጋደም ይላል። ሲመለስ የሂሻም መልስ ገብቷል፤ ፕሮግራሙም ድኗል።

ወርሳሜ መልሱን ለሥራ አስኪያጁ ለኻሊፍ ከዓረብኛ እየተረጎመ ያነብለታል። መነጽሩን እንኳ አያወጣም፤ የሹፌሮችን ስልክ ቁጥር ለማየት ግን ኪሱን ሁሉ ይዳብሳል። ሂሻም ከሥራው ጉዳይ በታች ሁልጊዜ አንድ መስመር ይጨምራል። «ጉልበትህ እንዴት ዋለ?» ይላል፤ ወይም «ልጅህ ከጅቡቲ ደወለች?» ይህችን መስመር ወርሳሜ ለኻሊፍ አያነባትም። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ብሎ የሚጠይቀው ሌላ ሰው የለውም።

«አላህ ሂሻምን ያቆይልን» ይላል ኻሊፍ። «አንተማ ወርሳሜ፣ ኮምፒውተሩን አቧራ እንዳይበላው ጠብቅ።»

ቢሮው ይስቃል። ወርሳሜም አብሮ ይስቃል።

በሰኔ ኒሞ ተቀጠረች። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ሁለት ዓመቷ ነው፤ አፏ ጤፍ ይቆላል። በገባች በሳምንቷ ኻሊፍ ፊት ቆመች።

«ፓይተን የሚባል የፕሮግራም ቋንቋ አለ። ነፃ ነው፤ ኮዱም ለሁሉም ክፍት ነው። የራሳችንን ፕሮግራም በእሱ እንጻፍ፤ ስድስት ወር ስጠኝ።»

«ከዘጠኝ ዓመት በፊትም አንዱ ይህንኑ ይዞብኝ መጥቶ ነበር» አለ ኻሊፍ፤ ማን እንደነበር ረስቶታል። «“ሲበላሽ ማን ላይ ልጮህ?” ብዬ ሳቅኩበት። ባለቤት የሌለው ነገር ቤቴ አይገባም።»

«እኔ ላይ ትጮሃለህ።»

ኻሊፍ ይህን አልጠበቀም። ተሸነፈ።

«ወርሳሜ!» ብሎ ተጣራ። «እስከ ወሩ መጨረሻ ሂሻምን አመስግነህ ሸኘው።»

የወርሳሜ ሆድ ባባ። ቢሮውም ወዲያው ፈረደበት። ሽማግሌው በሂሻም ጥላ ተጠልሎ ሲኖር ከርሞ አሁን ባዶነቱ ሊታይ ነው፤ ሥራውን ፈርቷል ተባለ። እውነትም ወርሳሜ ፈርቶ ነበር።

ኒሞ የሰርቨሩን የይለፍ ቃል ስትጠይቀው ሰኞ «ነገ» አላት። ማክሰኞ «ሂሻምን ሳልጠይቅ?» አላት። ረቡዕ አጠገቡ ወንበር ስባ ተቀመጠች። እንደ ሶማሌ ልጅ አጎቴ ስትል «አዴር» ትለዋለች።

«አዴር፣ አትፍራ አቦ! ማንም አያባርርህም። ፓይተንን እኔ አስተምርሃለሁ፤ ወላሂ ቀላል ነው።»

«እሺ ልጄ» አለ ወርሳሜ። የይለፍ ቃሉን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ሰጣት።

ኒሞ ሦስት ቀን ለምሳ ቤቷ አልሄደችም፤ ሰርቨሩ ላይ ተተክላ ዋለች፤ እዚያ የተቀመጡትን የሂሻምን የቆዩ ደብዳቤዎች ሳይቀር አነበበች። በእነዚያ ቀናት ከሂሻም ምንም አልመጣም። በሦስተኛው ቀን ወንበሯን ወደ ወርሳሜ አዞረች። የቀድሞው ወሬዋ ጠፍቷል።

«አዴር፣ ይህ ፕሮግራም ለካ በፓይተን ነው የተጻፈው። ደቻቱ ሲሞላ መኪና በመጋላ ሰፈር በኩል እንዳያልፍ የሚያዝ መስመርም እዚህ ውስጥ አየሁ። ዱባይ ያለ ሰው የእኛን ወንዝ ከየት አወቀው?»

«ተነግሮት ነዋ።»

«ጎበዝ ነው» አለች ኒሞ። «በጣም ጎበዝ ነው።»

ወርሳሜ አቧራ የሌለበትን ጠረጴዛ በመዳፉ ጠረገ።

ለኻሊፍ ግን ሌላ ነገር ነገረችው፤ ስድስት ወር ያለችው ሥራ በሁለት ቀን ያልቃል። ኻሊፍ ደስታው ለጥያቄ ጊዜ አልሰጠውም።

የወሩ መጨረሻ ደረሰ። ጠዋት ወርሳሜ የሂሻምን የስንብት ደብዳቤ አነበበለት። «ከእናንተ ጋር በመሥራቴ ደስ ብሎኛል» ይላል። ኻሊፍ ከንፈሩን መጠጠና ወደ ሥራው ተመለሰ። ከደብዳቤው በታች ዛሬ ስለ ጉልበት የሚጠይቅ መስመር አልነበረም።

በስድስት ሰዓት ሁሉም ወጣ። ኒሞም ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። ወርሳሜ ኮምፒውተሩ ፊት ቀረ፤ ከላዩ ማራገቢያው ይሽከረከራል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዚህ ሰዓት የሚሠራው ነበረው፤ ዛሬ እጆቹን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ብቻውን ቀረ። ሰው የሞተበት ለቅሶ ይደረስለታል። የሂሻምን ለቅሶ ማን ይደርሳል?

ከሩብ ሰዓት በኋላ ኮምፒውተሩ ጮኸ፤ ደብዳቤ ገብቷል። የላኪው ስም ሂሻም ይላል።

ወርሳሜ ኪሶቹን ዳበሰ። መነጽሩን አውጥቶ አደረገና ተጠግቶ አነበበ። ዓረብኛው ዛሬ ስህተት ይበዛበታል።

«ውድ ወርሳሜ፣ ጉልበትህ እንዴት ዋለ? ከእንግዲህ በምሳ ሰዓት ብቻህን አትቀመጥ። ኒሞ በሩ ላይ ቆማ እየጠበቀችህ ነው፤ እናቷ ሩዝ በፍየል ሥጋ ሠርታለች። ሂሻም።»

ሂሻም ለወርሳሜ ሲጽፍለት ይህ የመጀመሪያው ነበር።