ነጯ ጭረት

ሻምበሉ ኮፍያቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው እንደያዙ ከአንድ አሮጌ የሄሊኮፕተር መለኪያ ሰሌዳ ፊት ቆመዋል። ከበሩ ሳይገቡ «የታለች?» ብለው ነበር። ሰሌዳውን የጠገነው የአሮጌ ዕቃ ሰብሳቢ አጠገባቸው ቆሞ ምስጋናውን ይጠብቃል።

ሙያው ጥርስ መሥራት ነው። ከሥራ ክፍሉ ግማሹን ግን የአሮጌ ጦር ሄሊኮፕተሮች መለኪያ ወሮታል። ይህን ሰሌዳ ከቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ግቢ ያወጣው ጭቃ ውጦት ነበር። ብሎን በብሎን ፈታው፤ በጥርስ መፋቂያው ዝገቱን ለቀመ፤ ፊደሎቹን በቀጭን ብሩሽ መልሶ ቀባ። ሚስቱ «የኔን ጥርስ እንዲህ ተጨንቀህ ብትሠራልኝ አፌን ሸፍኜ አልስቅም ነበር» እያለች ታሾፍበታለች።

ሻምበሉ የዚህች ሄሊኮፕተር አብራሪ ነበሩ። ሰብሳቢው የሰሌዳውን ፎቶ ኢንተርኔት ላይ ሲለጥፍ ከጀርባው የተመታውን ቁጥር አይተው ደወሉ። ባለቤታቸውም አብረዋቸው መጥተዋል፤ ደጅ ሲደርሱ ግን «እኔ አልገባም» ብለው መኪናው ውስጥ ቀሩ።

ሻምበሉ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ ይላሉ። ከዚያ ሁሉ መለኪያ የሚፈልጉት አንዱን ብቻ ነው፤ የሞተር ሙቀት የሚያሳየውን።

«ጭረቷ ቀጥ ብላለች» ይላሉ።

«አዎ!» ይላል ሰብሳቢው፣ የተመሰገነ መስሎት። «ልክ ከፋብሪካ እንደወጣች!»

ሻምበሉ ወንበሩን በእጃቸው ዳብሰው ይቀመጣሉ። «እንግዲያው የገደልኩት እኔው ነኝ።»

ሰብሳቢው ምን እንዳዩ ይገባዋል። «ከዚህ አትለፍ» የምትለው ቀይ መስመር የተቀባችው መስታወቱ ላይ ነው። መስታወቱ ከዞረ ቀይዋም አብራ ትዞርና አብራሪውን ትዋሸዋለች። ለዚህ ነው ከመስታወቱ ወደ ብረት ክፈፉ የምትሻገር አንዲት ነጭ ጭረት የምትቀባው። ጭረቷ መሃሏ ላይ ከተሰበረች መስታወቱ ተንሸራቷል ማለት ነው።

«የወደቅን ዕለት ጠቋሚው ከቀይዋ በታች ነበር። በዓይኔ አይቼዋለሁ» ይላሉ ሻምበሉ። «መርማሪዎቹ ሞተሩን ከልክ በላይ አስጨንቀህ አቃጠልከው አሉኝ። ጭረቷን እዩልኝ ብዬ ብለምን የሚሰማኝ ጠፋ፤ ሰሌዳውም የገባበት አልታወቀም። የሞተው ረዳቴ የሷ ታናሽ ወንድም ነው።» በአገጫቸው ደጅ ወዳለው መኪና ያመለክታሉ። «ከዚያ ወዲህ ስሙን በፊቴ ጠርታው አታውቅም። ይኸው፣ ጭረቷ ቀጥ ብላለች።»

መስታወቱን ፈትቶ ቀለም በሚያስለቅቅ ቲነር ያጠበው ሰብሳቢው ራሱ ነው። ቀይዋን መስመር መመሪያው ላይ አይቶ፣ ነጯን ደግሞ ቀጥ አድርጎ አዲስ የቀባው እሱ ነው። አሮጌዋ ጭረት እንዴት ቆማ እንደነበር ለማየት እንኳ አላሰበም፤ ለሱ ቆሻሻ ሁሉ ቆሻሻ ነው። ሳይፈታው በፊት ያነሳው ፎቶ ላይም የሚታየው ጭቃ ብቻ ነው።

«ሻምበል... እሷን የቀባኋት እኔ ነኝ።»

ሻምበሉ ቀና ይላሉ። «የድሮዋስ? እንዴት ነበረች?»

ሰብሳቢው በሰውዬው ዓይን ውስጥ ልመና ያያል።

«ተንሸራታ ነበር።»

«ወዴት?»

በሐሳቡ መስታወቱን ያዞረዋል። ወደ ቀኝ ከሆነ ቀይዋ ወደፊት ትሄዳለች፣ ጠቋሚውም ከታች የቀረ ይመስላል።

«ወደ ቀኝ።»

ሻምበሉ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። የግንባራቸው ሽብሽብ ለአፍታ ይፈታል። ሲገልጡት ግን ተመልሶ ይሸበሸባል።

«ልጄ፣ አላየሃትም አይደል?»

ሰብሳቢው ያኔ ገና ዓይኑን ወደ መለኪያው ይመልሳል።

«ያየ ሰው ወዴት ነበረች ሲሉት ዓይኑ ወደ መለኪያው ነው የሚሄደው። አንተ ያየኸው እኔን ነው።»

«ይቅር ይበሉኝ። ሳላያት ጠረግኳት። እንዴት እንደነበረች አላውቅም።»

«እንግዲህ አልታወቀም ብዬ ነው የምነግራት» ብለው ጉልበታቸውን ተደግፈው ይነሳሉ። ዞር ሲሉ ባለቤታቸው በሩ ላይ ናቸው፣ ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ይዘው። መቼ እንደመጡ ሁለቱም አልሰሙም።

«ወደ ቀኝ ሲልህ ሰምቻለሁ» ይላሉ ሴትዮዋ። «እሺ ብለህ ብትወጣ እኮ ተገላግለህ ነበር።»

«አላያትማ።»

«እኔ ምን አውቅ ነበር? ያልከኝን ነበር የማምነው።»

«አላያትም አልኩሽ እኮ» ይላሉ ሻምበሉ፣ ቆጣ ብለው።

ሴትዮዋ መለኪያውን ዞረው እንኳ አያዩትም። ባላቸውን ብቻ ትክ ብለው ያያሉ።

«ያኔም ከቀይዋ በታች ነበር ስትለኝ እውነትህን ነበር» ይላሉ። «እኔ ነኝ ያላመንኩህ።»

ሴትዮዋ ቀረብ ብለው ኮፍያውን ከሻምበሉ እጅ ይወስዱና ራሳቸው ላይ ያደርጉላቸዋል፤ ጠመም ያለውንም ያቀኑታል። ክንዳቸውን ይዘው ይወጣሉ። የሴትዮዋ ድምፅ ከግቢው ይሰማል፦ «እሱ እኮ ካንተ ጋር ካልሆነ አልበርም ይል ነበር፤ ታስታውሳለህ?»

ሰብሳቢው መኪናው ከግቢው እስኪወጣ ይጠብቃል። ከዚያ ጥጥ ቲነር ውስጥ ነክሮ መለኪያው ላይ ያጎነብሳል። ነጯ ጭረት በአንድ ማበስ ትለቃለች። ቀጭኑን ብሩሽ ያነሳል፣ ጥቂት ይይዘዋል፣ ሳይቀባ መልሶ ያስቀምጠዋል።