ዋርካው ስር

ጓደኛው ውብእሸት ዓምና ብቻ ሦስት ጠገራ ብር ከመሬት ቆፍሮ አውጥቷል። ያውም በፕላስተር በተጠጋገነ አሮጌ የብረት መፈለጊያ! ሰውዬው ይህን ባሰበ ቁጥር እህል አልወርድ ይለዋል። በመጨረሻ ሞተር ብስክሌቱን ሸጠና አዲስ መሣሪያ ገዛ፤ ባለ ስክሪን፣ ባለ ማዳመጫ።

ቅዳሜ ጠዋት ድሮ ገበያ ይቆምበት ወደነበረው ሜዳ ይዞት ሲወጣ፣ ውብእሸት ቀድሞት ደርሶ የእጁን አፈር ሲያራግፍ አገኘው።

«እንኳን ደስ ያለህ! በል እዚህ ዋርካው ስር ሞክራት።»

«አንተ ጀምር እንጂ።»

«በሞቴ! አዲስ መሣሪያ የያዘ ነው የሚቀድመው።»

ምን ያለ ደግ ነው እቴ! አለ በሆዱ። ገና በጠዋቱ አሟጦ የጨረሰውን ቦታ ነው የሚመርቅልኝ። ዋርካውን ትቶ ወደ ወንዙ ዳር ወረደ።

ቀኑን ሙሉ መሣሪያው ሲጮህ፣ እሱ ሲቆፍር ዋለ። የወጣለት አሥራ አንድ ቆርኪ፣ የዛገ ሚስማርና አንድ የሰርዲን ቆርቆሮ ነው።

ሊሄዱ ሲሉ ውብእሸት ዋርካው ስር ተንበረከከ። መሣሪያውን እንኳ አላበራም። በጣቱ ጫር ጫር አደረገና ሦስት ጠገራ ብር አወጣ።

«ታውቅ ነበር ማለት ነው!» አለ ሰውዬው። «ያሉበትን እያወቅህ ዝም አልከኝ!»

ውብእሸት አፈሩን በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ።

«ዓምና ያገኘኋቸው ናቸው። አዲሱ መሣሪያህ በመጀመሪያ ቀኑ ባዶ እጅህን እንዳይመልስህ ብዬ ጠዋት ቀበርኩልህ» አለና በመሐረብ ጠቅልሎ ወደ ራሱ ኪስ ከተታቸው።