ኖራው እስኪጠነክር

ወጣቱ መሐንዲስ ተንበርክኮ በአዲሱ መንገድ ላይ የታተሙትን የሰው ዱካዎች ጥልቀት በማስመሪያ ይለካ ነበር። አፈሩ ከኖራ ጋር ተደባልቆ የተጠቀጠቀው የገጠር መንገድ እስኪጠነክር ሰባት ቀን መረገጥ የለበትም፤ ዛሬ ገና አራተኛው ቀን ነው። ይህ የሙከራ ቁራጭ ከተበላሸ የቀረው መንገድ ኖራ አያገኝም፤ በየክረምቱ ጭቃ እንደሆነ ይኖራል።

«አቶ ጓንጉል፣ ዘበኛው እርስዎ አይደሉም እንዴ? ማን አሳለፋቸው?»

«እኔ ነኝ፣ ልጄ። ምጥ የጠናባትን ሴት በቃሬዛ ይዘው መጡ። ሰባት ቀን ብለኸኛልና መጀመሪያ ከለከልኳቸው። ኋላ ድምጿ ሲደክም መንገዱን የዘጋሁበትን ገመድ ፈታሁ፤ አንዱን ጫፍ እኔም ተሸከምኩ።»

«በዙሪያው መንገድ አትሄዱም ነበር?»

«በዙሪያው ሁለት ሰዓት ነው፤ ያውም በጭቃ።»

ወጣቱ አቀርቅሮ ዱካዎቹን በዓይኑ ተከተለ። ሁሉም ወደ ጤና ጣቢያው ያቀናሉ፤ አንድም የሚመለስ የለም። ንዴቱ በረድ አለለት።

«ስትመለሱ እንኳ በዙሪያው መሄዳችሁ ደግ ነው።»

ሽማግሌው ገመዱን መልሰው እያሰሩ፣ «እሷ በሰላም ከተገላገለች ወዲያ፣ ስንመለስማ ምን ያስቸኩለናል?» አሉ።

የመጨረሻውን ዱካ ለካ። አራት ሳንቲ ሜትር ብሎ ጻፈ፤ ከማስመሪያው ላይ ጭቃውን ጠርጎ ወደ ቦርሳው መለሰው።