ሰብስቤ የፈጠረው ሕልም

በአዳማ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ጨው የሚሸጠው ሰብስቤ፣ ልጆቼ፣ ሕልም ፈቺን ሁሉ የሚንቅ ሰው ነበር። ትኩሳት የጣላትን ልጁን ለእናቷ ትቶ ሕልም ፈቺውን ሼህ ኑሬን ሊያዋርድ ሄደ።

«አንተ ሽማግሌ፣ በሕልሜ ኮርቻ የተጫነች በቅሎ ደጄ ቆማ አየሁ። እስቲ ቀባጥር!»

ሼሁ እንደ ጥንቱ የባስራ ሕልም ፈቺ ሊቅ፣ ሕልሙን ከመፍታታቸው በፊት ስለ ሰውየው ጠየቁ።

«ቤትህ የታመመ አለ?»

«ልጄ ታማለች።»

«እንግዲያው ይቅርብህ። ሕልም ከተፈታ ይደርሳል።»

«ፍታ እንጂ፣ አታላይ!»

«ከቤትህ መንገደኛ አለ ማለት ነው» አሉ እያዘኑ።

ሰብስቤ በሳቅ ፈነዳ። «ምን ሕልም አየሁና! መንገድ ላይ የፈጠርኩት ነው!»

«ምነው ልጄ፣ ሳልፈታው ብትነግረኝ!»

እየሳቀ ቤቱ ሲገባ ልጅቱ ከአልጋዋ ተነስታ እናቷን ትለማመጣለች።

«እማዬ፣ ቶሎ አልብሺኝ፤ በቅሎዋ ትታኝ ትሄዳለች።»